የታጠበው ጥቁር ጠጠር

ውሃ ፋብሪካው ውስጥ የማይታጠብ ነገር የለም። ጠርሙሱ ይታጠባል፣ ክዳኑ ይታጠባል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ወለሉ የታጠበበት መወልወያ ራሱ ተራውን ጠብቆ ይታጠባል። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ነባሮቹ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ «እዚህ ቤት ዝም ብለህ አትቁም፤ አንተንም ያጥቡሃል።»

አለቃው ፊት ለፊት «አለቃ»፣ ከኋላው ግን «አቶ ነገ» ይባላል። ጓንት አለቀ ሲሉት «ነገ»፣ አምፖል ተቃጠለ ሲሉት «ነገ»፣ ጣሪያው ያፈሳል ሲሉት ቀና ብሎ አይቶ፣ አዝኖ፣ «ነገ»። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉን ወይ ይሸሹታል ወይ ይከሱታል። አቶ ነገ ግን የታመመ የሚጠይቅ፣ የሠራተኛውን ልጆች በየስማቸው የሚጠራ፣ እምቢ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። እምቢ ያላለን ሰው ምን ብለው ይጣሉታል?

የኦዞን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ደግሞ «አፍንጫ» ነው። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ለወጉ ያህል የተለጠፈች ነች። ስሙን ያገኘው ጠዋት ጠዋት በየቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ጎንበስ እያለ ስለሚያሸት ነው። ኦዞን መብረቅ ካለፈ በኋላ የሚሸተውን ይሸታል። ታንከሩ ውስጥ ባለው ውሃ ተነፍቶ ጀርሙን ይገድላል፤ ሥራውን ጨርሶ የተረፈው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ያ የተረፈው እንዳለ ክፍሉ ውስጥ ቢለቀቅ ሰው ያስላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጥቁር ጠጠር በሞላበት የብረት ጣሳ ውስጥ ያልፋል። ኦዞን ሆኖ ይገባል፣ ተራ አየር ሆኖ ይወጣል።

ነገሩን ለአፍንጫ ያስረዳው ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አስረድቶት፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የታየ የለም። አፍንጫ የሰማውን አልረሳም። ለእህቱም በራሱ መንገድ እንዲህ ብሎ ነግሯታል፦

«ኦዞን ማለት ኦክስጅን ነው። ክፋቱ ሦስት ሆኖ መሄዱ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱት እኛ የምንተነፍሳቸው ናቸው፤ ጨዋ ጥንዶች ናቸው። ሦስተኛ ሲጨመርባቸው ግን ያገኙትን ሁሉ ይለክፋሉ።»

«እንደ ትዳር በለኛ» አለችው።

«እንደዚያ ነው። ያ ጠጠር ደግሞ ማንጋኒዝ የሚባል ብረት ዝገት ነው። ሦስቱ መጥተው እላዩ ላይ ያርፋሉ። ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ አንዱ ጠጠሩ ላይ ይቀራል። ሌሎች ሦስት ይመጣሉ፤ ከነሱም ሁለቱ ይሄዳሉ፤ የነሱ ትርፍና ያ ቀድሞ የቀረው ይጣመሩና፣ ትንሽ ተንቀራፍፈው እነሱም ይሄዳሉ። ቦታው ይለቀቃል። ጠጠሩ አጣማሪ ነው እንጂ የሚያልቅበት ነገር የለም።»

«ደላላ ነዋ!»

«ደላላ ነው። ግን ባዶ ወንበር ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ ቢቀጥል ኖሮ፣ ወንበሩን የሚይዘው ውሃ መሆኑን ይነግራት ነበር። ውሃ እዚያ ጠጠር ላይ ከተቀመጠ የሩቅ ዘመድ እንግዳ ነው፤ «ልሂድ» ይላል እንጂ አይነሳም፤ በእሳት ካልሆነ። ከታንከሩ የሚወጣው አየር እርጥብ ስለሆነም ከጣሳው በፊት አየሩን የሚያደርቅ ማሞቂያ ተገጥሟል። ይህን ሳይነግራት ደወል ተደወለና እሷ ወደ ጠረጴዛዋ፣ እሱ ወደ ማሽኑ ሄዱ።

እህቱ ታናሹ ነች። አባታቸው ሲሞት በእጁ ያደገች ናት፤ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። ከልጅነቷ አስም አለባት፤ ግን አስም እንዳለበት ሰው አትኖርም፤ ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ተቀምጣ መድኃኒቷን ወደ አፏ ትነፋለች። ሥራውን ያገኘችው በራሷ ነው፤ እሱ እንኳ የሰማው ከገባች በኋላ ነው። የተሞሉትን ጠርሙሶች በመብራት ፊት አገላብጣ የምታይ ናት። ታች የተኛች የቅንድብ ፀጉር አታመልጣትም። ጠረጴዛዋ ከታንከሩ ክፍል በር አጠገብ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር።

ነገሩ የጀመረው አፍንጫ ትኩሳት ይዞት ቤት በዋለበት ሰሞን ነው። ማሽኑ ቆሟል፤ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ፋብሪካው ከላይ እስከ ታች ይፈገፈጋል። እህቱ የወንድሟን ክፍል ልታጸዳ ገባች። ጣሳውን ከፈተችው። ውስጡ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ጠጠር፤ ስትነካው እጇን የሚያጠቁር። በንጹሕ ውሃ ቤት፣ ያውም በወንድሟ ክፍል! አውጥታ በፋብሪካው ምርጥ ውሃ አጠበችው፤ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። ጨርቅ ላይ አሰጥታ ግማሽ ቀን ፀሐይ አስመታችውና መልሳ ሞላችው። ለማንም አልተናገረችም።

አፍንጫ ድኖ ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጣሳህን ክፈተውማ!»

ከፈተው። ጠጠሩ ያብረቀርቃል።

«ምን የመሰለ እድፍ እንደወጣው ብታይ! ስንት ዘመን ሳይታጠብ እንደኖረ እንጃ። አፍረህ እንዳትሞት ብዬ ነው።»

ፊቷን አየ። የመጀመሪያ ደመወዟን ለእናታቸው ያስረከበች ቀን የነበራት ፊት ነው። ማለት የነበረበት ብዙ ነበር። «ጎበዝ» አላት።

ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ ጠጠሩን ሊያደርቀው ሞከረ። ፀሐይ ያደረቀችው ላዩን ነው፤ ውስጡ ጠጥቷል። ጣሳው እንደ ማንቆርቆሪያ ተንፈቀፈቀ፣ ተነነ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተንጠባጠበና ማሞቂያው «ጧ» ብሎ ዝም አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የገባው ኦዞን፣ ባይሆን እኩሌታው፣ እንደገባ ይወጣ ጀመር። በሩ አጠገብ የምትቀመጠው እህቱም ትስል ጀመር።

እንግዶቹ መጡ። ከመካከላቸው አንዷ አፍንጫዋን ነካ አድርጋ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች።

አቶ ነገ ደረቱን ነፋ። «የንጽህና ሽታ ነው።»

እንግዶቹ ሁሉ በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳቡ። አንዱ ሳለ።

አፍንጫ ሲሄዱ ጠብቆ ቢሮ ገባ። ማሞቂያው መቃጠሉን፣ ጠጠሩም በአዲስ መለወጥ እንዳለበት ተናገረ።

«ከምን የተነሳ ተበላሸ?» አለ አቶ ነገ።

በሩ ላይ፣ የማሽን ዕቃ ያለ ፈቃድ የነካ ይሰናበታል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። አፍንጫ ማስታወቂያውን አየ። «አርጅቶ ነው» አለ።

«ያረጀ ይለወጣል። ነገ።»

አዲሱ እስኪመጣ ድረስ አፍንጫ የሚችለውን ሞከረ። የኦዞኑን መጠን ቀነሰ፤ የውሃው ምርመራ ተበላሽቶ መጣና መለሰው። ያን ውሃ የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው፤ ማሽኑን አጥፍቶ ዝም እንዳይል ይኸው እጁን ይዞታል። የጎማ ቱቦ ገዝቶ ትርፉን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጣው። ውጭ የዘበኛው ቤት ነው። ዘበኛው መጥቶ «ወዳጄ፣ ከኔ ጋር ጠብ ካለህ በአፍህ ንገረኝ፤ ራሴን ለሁለት ሊከፍለው ነው» አለው። እስኪታረቁ ድረስም ቱቦው አልቆየም፤ ኦዞን ጎማ ይወዳልና በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ አረፈው።

በመጨረሻ ጠጠሩን በከረጢት ቋጥሮ ወደ ቤት ወሰደ። ውሃ በእሳት ይነሳል ተብሏል። የብረት መጥበሻ ጥዶ ይቆላ ጀመር። እናታቸው ከደጅ ሲገቡ ልጃቸው ምድጃ ላይ አጎንብሶ ጥቁር ጠጠር በማንኪያ እያገላበጠ አገኙት። ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ ትኩሳቱ ለቆሃል?»

«ለቆኛል እማዬ።»

«እሺ። ድንጋዩ ሲበስል ለማን ልታቀርበው ነው?»

«ለማሽኑ።»

«እንኳን ለኔ አልሆነ» አሉና መጥበሻቸውን በሐዘን አይተው ወጡ።

ሠራ። ጠጠሩን አድርቆ ከነትኩሱ ሲመልሰው ሽታው ጠፋ። እህቱ ሳሏ ቀነሰ። አፍንጫ ያን ሳምንት ያፏጭ ነበር። ግን ማሞቂያ የለም፤ ከታንከሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ቀስ እያለ ወንበሩን መልሶ ያዘው። ደግሞ ቆላ። በሁለተኛው ጊዜ ሳምንት አልሞላም። በሦስተኛው ባሰ። ጠጠሩ በተቆላ ቁጥር እየተፈረፈረ፣ ግማሹ ዱቄት ሆነ። ኋላ ላይ ጠዋት የተቆላው ከምሳ በኋላ ይሸት ጀመር። አቶ ነገ በኮሪደሩ ሲያልፍ ትከሻውን መታ እያደረገ፣ ሳይጠይቀው፣ «አልረሳሁትም፤ ነገ» ይለዋል።

አፍንጫ እህቱን ጠረጴዛዋ ላይ ሄዶ አናገራት።

«አይሸትሽም?»

«ምኑ?»

«አየሩ።»

«ምንም አይሸተኝም። አፍንጫ አንተ፤ እኔ ዓይን ነኝ።» ጓደኞቿ ሳቁ። የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ያነባል፤ እየሳቁ ያብሳሉ። ሰው ቀኑን ሙሉ ከዋለበት ሽታው ይጠፋዋል፤ ደረት ግን እንደ አፍንጫ አይለምድም።

«ሥራ ለውጪ» አላት አንድ ቀን በመንገድ ላይ፤ እንደ ቀልድ አድርጎ።

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«ይኸውልህ፣ በራሴ ያገኘሁት ስለሆነ ነው አይደል የማይጥምህ? አንተ አማልደህ ብታስገባኝ ኖሮ ለአገር ታወራ ነበር።» እየሳቀች ጀመረችው፤ ሳል አቋረጣት፤ ግንብ ተደግፋ ጨረሰችው። እሱ ቦርሳዋን ይዞ ቆመ።

ከዚያ አንድ ቀን በቀትር፣ ጠርሙስ እያየች፣ ጠርሙሱን ከእጇ ለቀቀችው። ትንፋሿ ፉጨት ሆነ። ከንፈሯ ጠቆረ። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷት፤ ኦክስጅን ሰጧት። አፍንጫ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ቱቦውን እያየ፣ እነዚያ ጨዋዎቹ ሁለት ሁለቶች ናቸው ይህን ሁሉ የሚያክሟት አለ በልቡ። ሐኪሙ ሲያሰናብታት አቧራ ካለበት ሥራ እንድትርቅ መከራት። ከት ብላ ሳቀች።

«ከኛ ቤት የበለጠ አቧራ የሌለበት የት ይገኛል? ኧረ እሱንስ ንገረው፣ ወንድም ጋሼ!»

ወንድም ጋሼ አልነገረም። ግን ያን ቀን ቆረጠ። የጨነቀው ሰው ዘመድ አይመርጥም፤ የራሱን እህት ሊያስባርር ወሰነ። ተባርራ ብታለቅስ፣ ለማልቀስም ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ማለዳ ቢሮ ገባ።

«አለቃ፣ ያ ጠጠር አርጅቶ አይደለም የተበላሸው። ታጥቦ ነው።»

አቶ ነገ ብዕሩን አስቀመጠ። «ማን አጠበው?»

«እህቴ። እኔ ታምሜ ሳለሁ። ማንም ሳይፈቅድላት ማሽን ከፍታ። እርስዎ ደግሞ ደንብ ለጥፈዋል።»

«ማንም ሳያዛት?»

«ማንም።»

«በገዛ እጇ?»

«በገዛ እጇ።»

አቶ ነገ ተነሳ። ፊቱ በርቷል። «ይህን ሁሉ ሠራተኛ ሳስተዳድር ሳላዘው መጥረጊያ ያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ዓይን ዓይኔን ነው የሚያዩት። እሷ ግን ማሽኑን ከፍታ ውስጡን አጠበች! ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

«አለቃ፣ መታጠብ አልነበረበትም። ውሃ ነው ያበላሸው።»

«ውሃ?» አቶ ነገ ከልቡ ተገረመ። «ውሃ ምን ያበላሻል? የምንሸጠው እኮ ውሃ ነው።»

አፍንጫ አስረዳ። ሦስቱን፣ ጥንዶቹን፣ ወንበሩን፣ የማይነሳውን እንግዳ፣ ሁሉንም። እጁን እያወናጨፈ፣ ላቡ እስኪወርድ አስረዳ። አቶ ነገ የታመመ ሰው ሕልሙን ሲነግረው እንደሚያዳምጥ፣ በደግነት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠው።

«ጠጠሩ ይመጣል፤ ነገ እደውላለሁ» አለ ሲጨርስ። «አንድ ነገር ግን ከፋኝ። እህትህን ልታስባርር ነው የመጣኸው። ለእህቱ ያልሆነ ሰው ለማሽኔ ይሆናል? አንተ ወደ ጭነት ትዛወራለህ። የማሽኑን ክፍል እሷ ትያዘው።»

«አለቃ፣ እባክዎ። እሷን አይሆንም። ደረቷ...»

«ደሞዟም ይስተካከላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ አፍንጫ፤ የሚጠይቀው ቢያጣ።

«ዛሬውኑ።»

በዚያ ቤት «ነገ» ያልተባለለት ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።

ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ተጨበጨበላት። አቶ ነገ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣትና፣ ክፋት የማያውቅ ሰው ነውና፣ «ወንድምሽ ሊያስባርርሽ ነበር፤ እኔ ግን አወቅሁሽ» አለ በሁሉም ፊት። አፍንጫ የጭነት መኪናው ላይ ካርቶን እየደረደረ ሰማ። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሌላ ቦታ አየች።

ወደ ቤት ለየብቻ ነው የሄዱት። ሲገባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች።

«እንደምን አመሹ፣ ጌታዬ» አለችው።

እናታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። «እናንተ ልጆች ምን ሆናችኋል? ማንን ነው አንቱ የምትይው?»

«ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢሮ የሚገቡ፤ እህት የሚያሳጡ።»

አፍንጫ ተቀመጠ። ከእንግዲህ የሚደብቀው ለማን ብሎ ነው? ነገራት። ጠጠሩ ከታጠበ ወዲህ ውሃው ቦታውን እንደያዘ፣ ማሞቂያው በምን እንደተቃጠለ፣ መጥበሻው ለምን እንደጠቆረ፣ ሳሏ ከየት እንደመጣ። ቁልፉን እያገላበጠች ሰማችው። ስትናገር ድምጿ ቀጥኗል።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ጎበዝ አልከኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

«ልጆቹስ? እኔ ጠረጴዛ ጋ ያሉት? ያ ሁሉ ዓይናቸው የሚያነባው በኔ ነው?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

«በኔ ነው ወይ አልኩህ?»

የሚዋሽበት አቅም እንኳ አልተረፈውም።

«እሺ» አለች።

«ስለዚህ ነገ አትሄጂም። ታምሜያለሁ በያቸው። ሌላ ሥራ አብረን እንፈልጋለን።»

«እኔ ብቀር ማንን ያስገባል? ከሾፌሮቹ አንዱን። እሱ ጠጠር መቁላቱን ያውቃል? ልጆቹ እዚያው ናቸው፤ ውሃውንም ሰው ይጠጣዋል። ያበላሸሁትን ለሰው ትቼ የት ነው የምሄደው?» ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች። «አስተምረኝ።»

«አላስተምርሽም።»

«ሳላውቅ ልግባ?»

እናታቸው ነገሩ ባይገባቸውም የልጃቸውን ትንፋሽ ይሰሙ ነበር፤ መድኃኒቷን ከመስኮቱ ላይ አንስተው እጇ አጠገብ አስቀመጡላት። አፍንጫም፣ ሳታውቅ ከምትገባ አውቃ ትግባ ብሎ፣ ያስተምራት ጀመር። የትኛው ቫልቭ ቀድሞ እንደሚከፈት። ጣሳው ሲፈታ ፊት ወዴት እንደሚዞር። መጥበሻው ምን ያህል ሲግል ጠጠሩ እንደሚገባ፣ መቆላቱ በምን እንደሚታወቅ። ጎበዝ ተማሪ ነች፤ አንዴ የተነገራትን አታስደግምም። እሷ ፈጥና በገባት ቁጥር እሱ እያዘገመ ሄደ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ጠዋቱ የሚመጣ እየመሰለው።

«በሩስ?» አለችው። «ከፍቼ ነው ዘግቼ የምሠራው?»

ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ከተከፈተ አየሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ሁለቱ ጓደኞቿ ይሄዳል። ከተዘጋ ከሷ ጋር ይቀራል። አፍንጫ ሌላ መልስ ፈለገ። ክፍሉን በሐሳቡ ዞረው፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የቱቦውን ቀዳዳ፣ የዘበኛውን ቤት።

«ልጄ፣ ትጠይቅሃለች እኮ» አሉ እናታቸው።

«ግድ የለም፤ እዘጋዋለሁ» አለች እህቱ፤ አለችና የሚቀጥለውን ጠየቀችው።